የለበሰው ዱላ

ከሚካኤል ደብር ወረድ ብሎ፣ የቀርክሃው ጫካ ከሚያበቃበት ላይ፣ አምሯል የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። በሜዳው ራስጌ አንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ ቆሟል፤ ከቅርንጫፎቹም ምርኩዝ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ ብዙ ምርኩዝ። ከወይራ የተጠረበ አለ፣ ከቀርክሃ የተቆረጠ አለ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከከተማ ሆስፒታል የመጣ፣ በብብት የሚያዝ የብረት ምርኩዝ ሳይቀር አለ። ሁሉም ለብሰዋል። ሴቶች ሞሰብ በሚሰፉበት ቀለም የገባበት አክርማ፣ አለላ በሚሉት፣ ከእጀታቸው እስከ ጫፋቸው ተጠምጥመው፣ ቀይ በአረንጓዴ፣ ሐምራዊ በቢጫ ሆነው፣ ነፋስ ሲመጣ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በብዙዎቹ ላይ ከእጀታው ሥር አንድ ዙር ብቻ ቀለም ሳይነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። መንገደኛ ሲያያቸው የጠበል ቦታ ይመስለውና ያማትባል፤ ጠበል ግን የለም።

በዚያ አገር እግሩ የተሰበረ ሰው ምርኩዙን ራቁቱን ይዞ ከደጅ አይወጣም፤ ነውር ነው። እግሩ የታሰረበትም ቢሆን እንዲሁ አይተውም። በቅርቡ አንድ ከባጃጅ የወደቀ ጎልማሳ ሆስፒታል የሰጡትን ጥቁር የፕላስቲክ ቦት ተጫምቶ ቢመጣ፣ አክስቶቹ ከብበውት ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዛጎልና ዶቃ ደርድረውበት ነው የተነሡት። የዳነ ዕለት ምርኩዙን ከኮሶው ላይ ይሰቅላል፤ ሽማግሌዎችም አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ እሱም አንድ ቃል ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው የለም። ይህ ነገር ከየት እንደ መጣ አባቶች ሲያወሩ እንደሚከተለው ነው ይባላል።

ያን ጊዜ፣ ዘመኑን በውል የሚያውቅ የለም፣ ሜዳው ሩር ሜዳ ይባል ነበር። ገና በመጣ ቁጥር የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ይወርዱና ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ሲያሳድዱ ይውላሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው እዚያ ቀልድ አልነበረም፤ ሕግ ነበር። በገና ዱላ ጥርሱ የረገፈም፣ ግንባሩ የተፈነከተም ደሙን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ዳኛ ፊት አይቆምም፤ ቢቆምም የሚሰማው የለም።

በታች ሰፈር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። እጇ ለስፌት የተፈጠረ ነበርና የእሷን ሞሰብ ለሙሽራ ያልተዋሰ ቤት አልነበረም ይባላል። ባሏ ጓንጉል መልከ መልካም ነበር፤ መልከ መልካም መሆኑንም ከማንም በፊት የሚያውቅ እሱ ነበር። ወንዝ ሲሻገር እንኳ ውሃው ላይ መልኩን ሳያይ አይሻገርም እያሉ ያሙታል። ወንድሟ ቢያድግልኝ በላይ ሰፈር ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ገበሬ ነበር። ሁለቱ ወንዶች የእንጉዳይ አባት ከሞተ ወዲህ በመሬት ተቃቅረዋል። ጓንጉል «የሚስቴን ድርሻ አካፍል» ይላል፤ ቢያድግልኝ «እናቴ በሕይወት ሳለች የአባቴን መሬት አልቆርስም» ይላል። እንጉዳይን የጠየቃት የለም። መሬቱም በስሟ ይጠራል፣ ጠቡም በስሟ ይጠራል፤ እሷ ግን መሃል ተቀምጣ ወስፌዋን ይዛ ትሰፋለች።

አንድ ዓመት በገና ዕለት ጠዋት ሁለቱ ከደብሩ ደጃፍ ላይ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ያንኑ ቀን ጨዋታው ሲግል ሩሯ ከመሃላቸው ወደቀች። ጓንጉል ሊመታት ሲያጎነብስ ቢያድግልኝ ከወዲያ እየሮጠ መጥቶ ሰነዘረ፤ ሩሯ ዳር ቀረችና ዱላው የጓንጉልን ቅልጥም አገኘው። የአጥንቱ ድምፅ ኮሶው ሥር ከተቀመጡት ሴቶች ዘንድ ደረሰ። እንጉዳይ ማን እንደ ወደቀ ሳታይ «ከሁለቱ ያንዱ እንዳይሆን» እያለች ተነሣች።

«አስቦ ነው የመታኝ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል፣ መሬት ላይ እንደ ተዘረረ። «ዳኛ ይፍረድልኝ!»

የሜዳው ዳኛ አባ ገሠሠ ነበሩ፤ ዕድሜ የጠገቡ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ። መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አስቦ ነው የመታኝ ይላል!» አሏቸው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉና ነገሩን እዚያው ዘጉት።

ፍርድ ያጣ ሰው ራሱ ዳኛ ይሆናል። ጓንጉል ላብ በላብ ሆኖ «ዱላውን ስጡኝ» አለ። ቢያድግልኝ የገዛ ዱላውን ሰጠው። ጓንጉልም ደረቱ ላይ አቅፎት፣ «ሚካኤል ይስማኝ!» አለ። «እግሬን በሰበረው በዚሁ ዱላ አናቱን እለዋለሁ። በሌላ በምንም አልነካውም፤ በዚህ ሳልነካው ብቀር ግን ወንድ አይደለሁም። እስከዚያች ቀን ምርኩዜ ነው!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንጉዳይ ሁለት ጸሎት ነበራት፤ አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ። ባሏ እንዲድንላት ትለምናለች፤ ባሏ የዳነ ዕለት ወንድሟ ይሞታል። እንዳይድን መለመን ደግሞ እንዴት ይሆናል? የልጆቿ አባት ነው፣ ትወደዋለችም። ሚካኤል ደጅ ቆማ ምን እንደምትል ሲጠፋባት ዝም ብላ ትሰግዳለች፣ ዝም ብላ ትመለሳለች።

የአገሩ ወጌሻ አያ ተድላ አጥንቱን መልሰው በቀርክሃ ስንጥር አሰሩት፤ በላዩም የጥጃ ቆዳ አልብሰው እስከ ጉልበቱ ሰፉበት። ጓንጉልም ያን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ይህን ቀንበር የመሰለ እግር ይዤ ሰው ፊት አልወጣም» አለ፤ እውነትም ከጓዳ አልወጣ አለ። ፀሐይ ያላየ አጥንት አይገጥምም ይሏልና ወጌሻው ተጨነቁ። እንጉዳይ የባሏን ደዌ ከወጌሻው ይልቅ ታውቀው ነበር። የሠርጓን ዶቃ ከአንገቷ ፈትታ በጥጃው ቆዳ ላይ መስቀልና ሐረግ አድርጋ ደረደረችው። በሳምንቱ ጓንጉል እግሩን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ከደጃፉ ተቀምጦ ተገኘ፤ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራ ሰላም ይላል።

ከዚያ ዱላው ቀረ። የቆለመመው ጫፍ ለእጅ እንዲመች ተደርጎ አልተሠራምና መዳፉን ላጠው። እንጉዳይ በመጀመሪያ እጀታውን ብቻ በአለላ ጠመጠመችለት። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም ይባላል። ጠምጥማ ስትጨርስ ግን ያ ወንድሟን ይገድላል የተባለ እንጨት ከላይ ለብሶ፣ ከታች ራቁቱን ሆኖ ታያት፤ ራቁቱ ወገን ሲያስፈራት፣ የለበሰው ወገን አላስፈራት አለ። ዱላውን ልታቃጥለው አትችልም፤ መሐላው ያለው በዱላው ላይ ነው። ልታለብሰው ግን ማን ይከለክላታል?

በማግሥቱ ወደ እናቷ ቤት ወጣችና ወንድሟን ከበረቱ አገኘችው። «ቆላ ውረድ» አለችው። «ሳይድን ሽሽ።»

«እታለም፣ ከሸሸሁማ አስቤ መታሁ ማለት ነው።»

«አስበህ ነው እንዴ?»

ቢያድግልኝ የበሬውን ጀርባ ማሻሸት ያዘ። «ሩሯን አይቻለሁ» አለ። «እግሩንም አይቻለሁ። እጄ የቱን እንዳየ ግን አላውቅም።»

ምነው ባልጠየቅሁት እያለች ወረደች። አላሰብኩም ቢላት ባሏን በደፈረችው፣ አስቤ ነው ቢላት በወንድሟ ባዘነች፤ አሁን ግን በማንም መፍረድ አልቻለችም። መንገድ ላይ ያገኘቻትን ሴት ሁሉ ግን አንድ ነገር ለመነች፦ «እግሩ እንዲገጥምልኝ የአገር እጅ ይረፍበት፤ ከየቤቱ አንድ ዙር።» ሴቶቹ አልጠየቋትም፣ እሷም አላስረዳቻቸውም። የገባቸው ገብቷቸዋል።

እየመጡ ተቀመጡ። አንዷ ቀይ፣ አንዷ አረንጓዴ አለላዋን ይዛ ከጓንጉል አጠገብ ትቀመጥና የልጇን ጉንፋን፣ የላሟን መንጠፍ እያወራች አንድ ዙር ጠምጥማ ትሄዳለች። ጓንጉል መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ኋላ ለመደው፤ ከዚያም ያልመጣችውን «እሷ ምነው ቀረች?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ከሁሉ በኋላ የእንጉዳይ እናት ውድነሽ መጣች፤ በነጠላዋ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍናለች። ልጇን ሊገድል የማለ ሰው ቤት ነው የገባችው፤ እሱም አማቱን ከደጅ ሊመልስ አይችልም። ይዛ የመጣችው ቀለም ያልነካው ነጭ አክርማ ነበር።

«ለምን ቀለም አላገቡበትም?» አላት።

«ምን እንደሚሆን አላወቅሁማ ልጄ» አለች እየጠመጠመች። «ቀይ ይሁን ሌላ፣ እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ጓንጉል ያን ዕለት እህል አልቀመሰም ይባላል።

ነገሩ ግን እንጉዳይ እንዳሰበችው አልሄደም። የዱላው ወሬ ከአገር አገር ዞረ፤ ሰው ሊያየው ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ጓንጉል ምርኩዙን ይዞ ገበያ ሲወጣ ሁሉ «አምሯል!» ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ያነክሳል፤ ከሚያስነክሰው በላይ ያነክሳል። እንጉዳይ ይህን ስታይ አዘነች። ከዱላው ጋር ያፋቀረችው መሰላት። የወንድሜን ሞት ነው እንዴ እንዲህ ያሳመርኩት እያለች ከሞሰብ ሥራዋ ላይ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ከደጃፍ ተቀምጠው የላላ አለላ ስታጠብቅለት ጓንጉል እጇን ያዘና፣ «ምን እያደረግሽ እንደሆነ የማይገባኝ መሰለሽ?» አላት። «ዱላ ቢለብስም ዱላ ነው።»

«እንግዲያ ይልበሳ፣ ምን ቸገረህ?» አለችው። እጇን ለቀቃት፤ እሷም ማጥበቋን ቀጠለች።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አያ ተድላ መጥተው ቆዳውን ፈቱ፤ ስንጥሩንም አነሡ፤ በአውራ ጣታቸው አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ዳስሰው «ገጥሟል» አሉ። «ከእንግዲህ ምርኩዝ አያሻውም።» እንጉዳይ ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም። ጓንጉል ይህን አየ። አየና እስከ ገና ድረስ በዚያው ዱላ እየተመረኮዘ ከረመ። አንዳንዶች ቀኑንና ሜዳውን እየጠበቀ ነው ይላሉ። ሌሎች ዱላውን መጣል አቅቶት ነው ይላሉ። እንጉዳይም የትኛው እንደሆነ አላወቀችም፤ ምናልባት እሱም አላወቀም።

ገና መጣ። ጓንጉል ያን ዕለት ሳያነክስ፣ ዱላውን በትከሻው አድርጎ ወደ ሩር ሜዳ ወረደ። ሲራመድ ያየው ሁሉ ምን ሊሆን እንደሆነ ስላወቀ ሩሯ ሳትመታ ቀረች። ቢያድግልኝ ከሜዳው መሃል ባዶ እጁን ቆሞ ነበር፤ እንጉዳይ እየሮጠች ስትደርስ ባሏ ከፊቱ ደርሷል። ኮሶው ሥር አባ ገሠሠ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። እናትየው ውድነሽ መሬት ላይ ተደፍታለች። እንጉዳይ ልትጮህ ፈለገች፤ የማንን ስም እንደምትጠራ ግን ቸገራት።

ጓንጉል ዱላውን በሁለት እጁ አነሣው። ቢያድግልኝ አልሸሸም፣ በክንዱም ራሱን አልጋረደም። ወደ ላይ አየ። ዱላውን ከሰጠ ወዲህ አላየውም ነበር። ያን ሁሉ ቀለም አየ፤ ከየቤቱ የተጠመጠመውን ዙር አየ፤ ከእጀታው ሥርም የእናቱን ነጭ አየ፤ የእናቱን እጅ አክርማ ላይ የማያውቅ ልጅ የለም። መቼም ሰው ሊሞት ሲል ምን እንደሚል አይታወቅምና፣ ያ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ፣

«አምሯል» አለ።

ሜዳው ጭጭ ብሏል። አባ ገሠሠ መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። «ምን አለ?»

«አምሯል አለ» አላቸው አጠገባቸው የቆመው ሰው፣ ግራ ገብቶት።

«ምሯል!» ብለው ጮኹ አባ ገሠሠ። «ምሯል! ጓንጉል ምሯል! እልል በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

አጠገባቸው ያለው ሰው «ኧረ አይደለም አባ» ሊል ሲል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከየቤታቸው አንድ ዙር የጠመጠሙ ሴቶች ናቸው፤ ማን ያስቆማቸዋል? ከላይ ሰፈር ታች ሰፈር ተቀበለው፤ ሜዳው «ምሯል! ምሯል!» ብቻ ሆነ። ጓንጉል ዱላውን እንዳነሣ ቆሟል። ፊቱ አልተፈታም። አልማርኩም ሊል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩት አሉ ይባላል። በዚህ መካከል አባ ገሠሠ መቋሚያቸውን ጥለው፣ እየተንገዳገዱ ሜዳውን አቋርጠው መጡና ሰው ሁሉ እያየ ከጓንጉል እግር ላይ ወደቁ፤ ያን የተሰበረውን ቅልጥም ሊስሙ።

ሽበታም ሽማግሌ ከጎልማሳ እግር ሥር! ጓንጉል ደነገጠ። «ኧረ ነውር ነው አባ! ይነሡ! በሚካኤል ይነሡ!» ብሎ ሊያነሣቸው ጎንበስ አለ፤ ሁለት እጅ ያስፈልገው ነበርና ዱላው ከእጁ ወረደ።

እሳቸውን ካነሣ በኋላ ዱላውን ከመሬት አንሥቶ ትንሽ አየው። ከዚያ ማንንም ሳያይ ወደ ኮሶው ሄደና ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ሲመለስ ያነክስ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የእውነቱን ነበር ይላሉ።

ያን ዕለት ማታ እንጉዳይ እግሩን ልታጥበው ተንበርክካ «ምረኸዋል?» አለችው።

ጓንጉል እግሩን ከውሃው አወጣ። «አምሯል» አላት። ደግማ አልጠየቀችውም። ፈርታ ነው።

ከዚያም በኋላ አገር የሚመኘው ዓይነት ዕርቅ አልመጣም። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ከአንድ ገበታ ግን አልቀረቡም። መሬቱም ውድነሽ እስክትሞት ሳይቆረስ ቆየ። ጓንጉል «ምረኸው ነበር ወይ?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ያችኑ «አምሯል»ን ይመልሳል፤ የጠየቀው ሰው የፈለገውን ሰምቶ ይሄዳል። ቢያድግልኝም ብዙ ዘመን ኖረ፤ ወልዶ ከብዶ በአልጋው ሞተ። አባ ገሠሠ እንጉዳይን በመንገድ ባገኟት ቁጥር ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ የፊቷን አ እኔ አልሰማኋትም» ይሏት ነበር ይባላል። ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ በዚያ አገር «ሽማግሌ የፊቷን አ አይሰማም» የሚል አባባል ቀርቷል።

እንጉዳይ ግን በየዓመቱ ገና ሲደርስ ወደ ኮሶው ትወጣና ያን ዱላ አውርዳ ታየዋለች። ወፎች አለላውን ለጎጇቸው ይመዙታል፣ ፀሐይም ያነጣዋል፤ የጎደለውን ታለብሰዋለች። አርጅታ ዓይኗ ከደከመ በኋላ «ይህን ያህል የምትደክሚለት ዱላ አሁን ማንን ሊመታ ነው? ሁሉም ሞተዋል እኮ» ቢሏት፣ «እኔ የማውቀው የለበሰ መሆኑን ነው» ብላ መለሰች ይባላል።

ዛሬ ሩር ሜዳ የሚለውን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሰው ሰውን ቢሰብር፣ በጨዋታም ይሁን በጠብ፣ የሰባሪው ወገን ሴቶች አለላቸውን ይዘው ወደ ተሰባሪው ቤት ይሄዳሉ፤ የሰባሪው እናትም ነጩን ዙር ትጠመጥማለች። ምርኩዙ ኮሶው ላይ የተሰቀለ ዕለት ሽማግሌዎች «ምሯል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የዳነውም «አምሯል» ብሎ ይመልሳል። ከልቡ ይሁን ከአፉ የሚመረምር የለም፤ «ሰምተናል» ይሉና ይነሣሉ። ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ያለውን፣ ጫፉ የቆለመመውን አሮጌ ዱላ ግን በገና ዋዜማ የሁለቱ ሰፈር ሴቶች አውርደው ከየቤቱ አንድ አንድ ዙር ይጨምሩበታል፤ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ ይሁን ጸንቶ የሚያውቅ የለም፣ ገልጦ የሚያይም የለም። አንድ ዓመት ተረስቶ ራቁቱን ከቀረ፣ ያው ዱላ ነውና።